ለጣና ሐይቅ የሚሆን የጀልባ መንገድ መሪ መሣሪያን በኮልፌ ስለ መፈተንና ስለ ማስተካከል

ስለ ጀልባ መሣሪያ ስንጽፍ ከኮልፌ ቀራንዮ መነሣታችን አንባቢውን ሳያስገርመው አይቀርም። በኮልፌ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ውሃ የለም፤ ያለው ዳገት፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ወደ ምዕራብም ሲመለከቱ የወጨጫ ተራራ ነው። ሆኖም ዛሬ በጀልባ ነጂ ፊት እየተተከለ ያለው ባለ ስክሪን መንገድ መሪ፣ ማለት ከሳተላይት በሚቀበለው የራዲዮ ምልክት የጀልባዪቱን ስፍራ በካርታ ላይ የሚያሳየው መሣሪያ፣ ወደ ጣና ከመላኩ በፊት አብዛኛው ፈተናው በየብስ ሊደረግለት ይችላል። እንዲያውም በየብስ ቢደረግ ይሻላል። ጀልባ አትቆምም፤ በሐይቁ መካከልም ስፍራው ተለክቶ የታወቀ ምልክት የለም። ኮልፌ ላይ ግን የቆምንበትን ስፍራ በካርታ እናውቀዋለን፤ ስለዚህ መሣሪያው ሲሳሳት ልንይዘው እንችላለን።

ነገሩ ቀላል ጨዋታ አይደለም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል ጎርጎራ የሚደርሰው የመርከብ መንገድ ለደሴተኞቹ ገበያም፣ ሐኪም ቤትም፣ ዘመድም መገናኛ ሆኖ ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከመሸ በኋላ መጓዝ ግድ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ነጂው ዐይኑን ከውሃው ላይ አንሥቶ በስክሪኑ ላይ ይጥላል። በስክሪኑ ላይ የምትታየው ትንሽ የጀልባ ሥዕል ግን ጀልባዪቱ ራሷ አይደለችም፤ የአንድ ስሌት መልስ ናት። ስሌቱም ሦስት ጥያቄዎች አስቀድመው እንዲመለሱለት ይፈልጋል፦ ምድርን በየትኛው መለኪያ ትለካለህ? ሰሜን የምትለው የትኛውን ነው? ጥልቀትንስ ከየት ጀምረህ ትቈጥራለህ? ባለቤቱ ካልመለሰለት ፋብሪካው ያስቀመጠው መልስ ይጸናል፤ ፋብሪካውም የመለሰው ስለ ሌላ ሰው ባሕር ነው።

መሣሪያው የሚሠራው በ12 ቮልት ስለ ሆነ ለፈተናው አንድ የመኪና ባትሪ ይበቃል። አንቴናውን ሰማይ በደንብ ከሚታይበት ገላጣ ስፍራ ማኖር ያስፈልጋል። መሣሪያው መጀመሪያ ሲበራ ከሩቅ አገር የመጣ ስለ ሆነ ሳተላይቶቹን እስኪያገኝ ጊዜ ይወስዳል፤ የሳተላይቶቹ ሁሉ ማውጫ አንድ ጊዜ ተላልፎ እስኪያልቅ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ሳይታገሡ ማጥፋትና ማብራት ነገሩን ያዘገየዋል እንጂ አያፋጥነውም።

እዚህ ላይ አንድ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። እነዚህ መሣሪያዎች በሱቅ ለገዢ ማሳያ እንዲሆን የማስመሰያ አሠራር ተሰጥቷቸዋል፤ ሳተላይት ሳይቀበሉ አንዲት ጀልባ በአንድ ባሕር ላይ ስትሄድ ያሳያሉ። ኮልፌ ላይ ቆመን ስክሪኑ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሄድን ነው ቢለን እንስቃለን፤ አሠራሩንም እናጠፋዋለን። ሐይቅ ላይ በምትንቀሳቀስ ጀልባ ውስጥ ግን እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ አይታወቅም።

ትክክለኛውን ስፍራ ሲያገኝ መሣሪያው በኮልፌ አካባቢ ኬክሮስ 9 ዲግሪ ሰሜን፣ ኬንትሮስ 38 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ምሥራቅ አካባቢ ማሳየት አለበት። ቍጥሩ በምን ዐይነት እንደ ተጻፈ አስተውሎ ማየት ይገባል። 9.01 ዲግሪ እና 9 ዲግሪ ከ1 ደቂቃ አንድ አይደሉም። የዲግሪ መቶኛ ክፍል 0.6 ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ፣ አንዱን በሌላው ቦታ ያነበበ ሰው 740 ሜትር ያህል ይስታል። ሁለት ጀልባዎች በራዲዮ ወይም በስልክ ስፍራቸውን ሲነጋገሩ የአጻጻፉ ዐይነት አንድ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ርዳታ የጠየቀችውን ጀልባ ሌላ ስፍራ ሄደው ይፈልጓታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ምድር ፍጹም ድቡልቡል አይደለችም፤ በምድር ወገብ በኩል ጥቂት ሰፋ ትላለች። ካርታ ሠሪ ይህን ቅርጽ በስሌት ይወስንና ስሌቱን ምድር ላይ ከአንድ ነጥብ ጋር ያስራል። ይህ ማሰሪያ ዳተም ይባላል፤ እኛ የመለኪያ መሠረት ብንለው ያስኬዳል። የሳተላይቱ መሣሪያ የሚጠቀምበት ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 የሚባለውን መሠረት ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ያሳተማቸው ባለ 1 ለ50,000 ካርታዎች ግን የተመሠረቱት አዲንዳን በሚባለው መሠረት ላይ ነው። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ በዓባይ አጠገብ የነበረ የቅየሳ ጣቢያ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስለ ዓባይ ተፋሰስ ጥናት ሲደረግ የቅየሳው ሰንሰለት ከዚያ ወደ አገራችን ዘልቆ ስለ ገባ፣ ካርታዎቻችን ሁሉ ያን ስም ይዘው ቀሩ። የምድሪቱም ቅርጽ የተወሰደው ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1880 ካሰላው ነው።

የሁለቱ መሠረቶች ልዩነት በኮልፌ ቀራንዮ ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢው ራሱ ሊያየው ይችላል። ባለ 1 ለ50,000 ካርታ ይዞ የቀራንዮ መድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ይፈልግ፤ በካርታው ላይ በታተሙት የሜትር መስመሮች ስፍራውን ይለካ። ቀጥሎ መሣሪያውን በዩ.ቲ.ኤም. ዞን 37 እንዲቈጥር አድርጎ ወደ ደጀ ሰላሙ ይሂድ። መሣሪያው በደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 ሲቈጥር ከካርታው ቍጥር ወደ ምሥራቅ በ95 ሜትር፣ ወደ ሰሜንም በ208 ሜትር ገደማ የበለጠ ያሳየዋል። በመሣሪያው የዳተም ዝርዝር ውስጥ አዲንዳን፣ ኢትዮጵያ የሚለውን ሲመርጥ ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ የሚቀረው ልዩነት የካርታውና የእጁ ስሕተት ነው። በካርታው ላይ ይህ ሁሉ ርቀት ከ5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ኬክሮስና ኬንትሮስ በዲግሪ ሲነበቡ ልዩነቱ ያንሳል፤ በኮልፌ 150 ሜትር፣ በጣና 125 ሜትር ገደማ ይሆናል። ምክንያቱም ሁለቱ ቅርጾች ከዲግሪ ወደ ሜትር ሲመነዘሩ እኩል አይመጡም።

ይህ በሐይቁ ላይ ሲሆን ምን እንደሚያመጣ እናስብ። አንድ ሰው ከአሮጌው ካርታ ላይ በውሃ ውስጥ ያለ ቋጥኝ ስፍራ በሜትር ይለካና ቍጥሩን ሳይለውጥ በደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 ወደሚሠራው መሣሪያ ያስገባዋል። ስክሪኑ ቋጥኙን ከእውነተኛ ስፍራው ወደ ደቡብ፣ ጥቂትም ወደ ምዕራብ፣ ከ220 ሜትር በላይ አርቆ ይሥለዋል። ነጂው ጠንቃቃ ሰው ነው እንበል፤ ከምልክቱ በሰሜን በኩል 200 ሜትር ርቆ ያልፋል። በጥንቃቄው ብዛት በቋጥኙ ላይ ሊወጣ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ ግንቦት 2000 ድረስ አሜሪካኖቹ የሳተላይቱን ምልክት ለሲቪሎች ሆን ብለው ያደበዝዙት ስለ ነበር፣ የመሣሪያው የራሱ ስሕተት እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር፤ በዚያን ዘመን የዳተም ስሕተት ተሸፍኖ ሊያልፍ ይችል ነበር። ማደብዘዙ ከቀረ ወዲህ መሣሪያው ጥቂት ሜትሮችን ብቻ የሚስት ሆኗል፤ ስለዚህ ዛሬ ከማናቸውም ይልቅ የሚበልጠው ስሕተት እኛው የምንጨምርበት ነው።

የእኛ ምክር እንደሚከተለው ነው። ለፈተናው ሲባል አዲንዳን ተመርጦ ከነበረ ፈተናው እንዳለቀ ወደ ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 ይመለስ። በመሣሪያው ውስጥ ተጭኖ የሚመጣው ኤሌክትሮኒክ ካርታ ለዚያ የተሠራ ነው። ከአሮጌ ካርታ የሚወሰድ ቍጥር ሁሉ ግን ከመግባቱ በፊት ይመንዘር፤ በማስታወሻም ላይ ከየት እንደ መጣ ይጻፍ።

ሁለተኛው ጥያቄ የሰሜን ነገር ነው። በዚህ ረገድ ዩኒቨርሲቲያችን የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 በተደረገው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የምድርን መግነጢስ መለካት የጀመረው፣ አዲስ አበባ በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ በመሆኗ ነበር። በዚህ ስፍራ የኮምፓስ መርፌ ጋደም ብሎ ይተኛል፤ በሰሜን አውሮፓ ግን ጫፉ ወደ መሬት በጣም ያዘነብላል። ስለዚህ ለአውሮፓ የተሠራ ኮምፓስ መርፌው እንዳያጋድል በደቡብ ጫፉ ክብደት ይደረግበታል፤ ያንኑ ኮምፓስ ወደ እኛ ሲያመጡት ክብደቱ ደቡቡን ጫፍ ጎትቶ ይጥለዋል፤ አንዳንዴም መርፌው መስተዋቱን እየነካ ይይዛል። ኮምፓስ የሚገዛ ሰው ለየትኛው የዓለም ክፍል እንደ ተመዘነ ይጠይቅ። ኤሌክትሮኒኩ ኮምፓስ ይህ ችግር የለበትም።

መርፌው የሚያሳየው ሰሜንና እውነተኛው ሰሜን በአዲስ አበባም በጣናም በአሁኑ ጊዜ ወደ 3 ዲግሪ ገደማ ይለያያሉ፤ መርፌው ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ሦስት ዲግሪ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን በ20 ኪሎ ሜትር ጉዞ መጨረሻ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ያስታል፤ ይህም በጨለማ ደሴት ለማለፍም፣ ደሴት ላይ ለመውጣትም ይበቃል። መሣሪያው አቅጣጫን በእውነተኛው ሰሜን ወይም በመግነጢሱ ሰሜን እንዲናገር ሊታዘዝ ይችላል። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን አይከፋም፤ ክፉው ስክሪኑ በአንዱ፣ በመሪው አጠገብ ያለው ኮምፓስ በሌላው ሲናገሩ ነው። ኮምፓስ ብቻ ያለው ረዳት ከስክሪኑ የተነበበለትን ቍጥር ተቀብሎ ይነዳልና፣ መግነጢሱን መምረጥ ለእኛ ሐይቅ የተሻለ ይመስለናል።

ይህን ደግሞ በወጨጫ መፈተን ይቻላል። ከኮልፌ ገላጣ ሜዳ ላይ ቆመን የራሳችንንና የተራራውን ጫፍ ስፍራ ከካርታው እንወስዳለን። የምሥራቅ ምዕራቡን ልዩነት ለሰሜን ደቡቡ ስናካፍል አቅጣጫው በታንጀንት ይገኛል። ከዚያ በእጅ ኮምፓስ ጫፉን እናነባለን፤ ባነበብነው ላይ 3 ዲግሪ ስንጨምር ከስሌቱ ጋር መስማማት አለበት። በካርታው ላይ የታተሙት መስመሮች የሚያሳዩት ሰሜን ከእውነተኛው ጥቂት ይለያል፤ በእኛ አካባቢ ግን ከግማሽ ዲግሪ ስለማይደርስ ለዚህ ፈተና ሊተው ይችላል። ከቆርቆሮ ጣራ፣ ከአጥርና ከመኪና መራቅ ግን ያስፈልጋል። በኮልፌ መንደር ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብረቱ መርፌውን ስለሚስበው በአንድ ግቢ ውስጥ ከበር እስከ በር ሁለት ዐይነት ሰሜን ይገኛል። በጀልባም ውስጥ እንዲሁ ነው። ሞተሩ፣ የራዲዮው ድምፅ ማጉያ፣ የነጂው ስልክ እንኳ ሳይቀር ይስቡታል። ስለዚህ ኤሌክትሮኒኩ ኮምፓስ በጀልባዪቱ ላይ ከተተከለ በኋላ፣ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ፣ ጀልባዪቱን በዝግታ ሁለት ጊዜ እያዞሩ ራሱን እንዲያርም ማድረግ ነው።

የቆመ መሣሪያ የሚያሳየው የጉዞ አቅጣጫ ምንም ትርጕም እንደሌለው እዚሁ ኮልፌ ማየት ይቻላል። ሳተላይቱ የሚያውቀው ከየት ወደ የት እንደ ሄድን ነው እንጂ ፊታችን ወዴት እንደ ዞረ አይደለም። ካልሄድን ቀስቱ እንደ እብድ ይዞራል። ጀልባዪቱ ወደ ወደብ ስትጠጋና ፍጥነቷ ሲቀንስ ነገሩ ይኸው ነው። ካርታው ከጉዞው አቅጣጫ ጋር እንዲዞር ከታዘዘ፣ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ሐይቁ ሁሉ በስክሪኑ ላይ ይሽከረከራል። ሰሜን ምንጊዜም ወደ ላይ የሚሆንበትን አሠራር የምንመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ሰዓት ጥቂት እንበል። ከግሪኒች 3 ሰዓት መጨመር ነው። በአገራችን አቈጣጠር እንዲያሳይ የሚፈልግ ሰው 3 ሰዓት ቢቀንስ ይሆንለታል፤ የሚያስደንቀውም ቀኑ እንደ ልማዳችን ንጋት ላይ ይለወጣል። ግን በሐይቁ ያሉት ጀልባዎች ሁሉ አንድ ዐይነት ካልያዙ ጉዳቱ ይበዛል። አሮጌ መሣሪያ የገዛ ሰው ደግሞ ቀኑን ይመልከት። ሳተላይቶቹ ሳምንትን የሚቈጥሩት እስከ 1,024 ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 2019 ቍጥሩ እንደ ገና ከዜሮ ሲጀምር አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ወደ ኋላ 20 ዓመት ገደማ ተመልሰዋል። ስፍራውን በትክክል ይናገራሉ፤ የመርፌውን መዛነፍ ግን ባለፈ ዘመን ቀን ያሰሉታል።

በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ መኖራችን ሌላም መዘዝ አለው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ይልቁንም በመስከረምና በመጋቢት ወራት፣ ፀሐይ በምትነቃቃባቸውም ዓመታት፣ በላይኛው አየር ያለው ኤሌክትሪክ ያዘለ ንብርብር እየተቦደሰ የሳተላይቱን ምልክት ያንቀጠቅጠዋል። አንዳንዶቹ ሳተላይቶች ለጊዜው ይጠፋሉ። ለአሜሪካና ለአውሮፓ የተዘረጋው የማረሚያ አገልግሎት የእኛን ሰማይ ስለማይለካ መፍትሔ አይሆንም፤ ቢዘጋ ይሻላል። የሚረዳው መሣሪያው የአሜሪካኑን ብቻ ሳይሆን የሩሲያን፣ የአውሮፓንና የቻይናን ሳተላይቶች ጭምር እንዲቀበል ማዘዝ ነው፤ ከብዙዎች ጥቂቶች ቢጠፉ የቀሩት ይበቃሉ።

ሦስተኛውን ጥያቄ፣ የጥልቀትን ነገር፣ ኮልፌ ላይ መጨረስ አይቻልም። የጥልቀት መለኪያው ትራንስዱሰር የሚባል ዕቃ ከጀልባዪቱ ሥር ሆኖ ድምፅ ይልካል፤ ከሐይቁ ወለል የሚመለሰውን የገደል ማሚቶ ጠብቆ ጊዜውን ይቈጥራል። የሚለካው እንግዲህ ከራሱ ጀምሮ ነው። ትራንስዱሰሩ ከውሃው ገጽ 30 ሳንቲ ሜትር፣ የሞተሩ ማራገቢያ ጫፍ ደግሞ 80 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ቢገኙ፣ ስክሪኑ 1.2 ሜትር ሲል እውነተኛው የውሃ ጥልቀት 1.5 ሜትር ነው፤ ከማራገቢያው በታች የቀረው ግን 70 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ነጂው የቀረኝ 1.2 ሜትር ነው ብሎ ካመነ ግማሽ ሜትር የሌለ ውሃ ቈጥሯል። መሣሪያው ማስተካከያ ቍጥር ይቀበላል፤ በዚህ ምሳሌ 0.3 ብንጨምር ከውሃው ገጽ፣ 0.5 ብንቀንስ ከማራገቢያው ጫፍ ይቈጥራል። ሰው ለምታመላልስ ጀልባ መቀነሱን እንመርጣለን። የድምፅ ፍጥነት በጨውና በጣፋጭ ውሃ ስለሚለያይ የሚመጣው ስሕተት ትንሽ ነው፤ ሰው እንዲጨነቅበት አያስፈልግም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀው የሐይቁ ራሱ ከፍና ዝቅ ማለት ነው። ጣና በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል፤ ልዩነቱም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ጥልቀቱ እጅግ በሚጠልቅበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ለሆነ ሐይቅ ይህ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በዓባይ መውጫ የጨራ ጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ፣ ከ2010 ጀምሮም ውሃው በጣና በለስ በኩል ለኤሌክትሪክ ኀይል ሲወሰድ፣ የሐይቁ ከፍታ የዝናብ ብቻ ሳይሆን የሰውም ሥራ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2003 ወለሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች ስለ ወረደ መርከቦቹ ለአራት ወር ያህል ሥራ አቁመው ነበር። በስክሪኑ ላይ የተጻፈው የጥልቀት መስመር በአንድ ቀን የተለካ ነው፤ ያ ቀን መስከረም ከነበረ፣ 2 ሜትር የሚለው በሰኔ ግማሽ ሜትር ሊሆን ይችላል። በፎገራና በደንቢያ ሜዳ በኩል ዳርቻው ራሱ በክረምትና በበጋ ስለሚሸሽና ስለሚጠጋ፣ ጀልባ በስክሪኑ ላይ በየብስ ስትሄድ ብትታይ መሣሪያው ተበላሸ ማለት አይደለም። ካርታውን በጣት እየሳቡ ማጉላትም አዲስ ዕውቀት አይጨምርም፤ በ1 ለ50,000 የተሣለ የግማሽ ሚሊ ሜትር መስመር በምድር ላይ 25 ሜትር ይሸፍናል።

እምቦጭ ወዳለበት ውሃ የሚገባ ነጂ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። የአረሙ ሥር የተላከውን ድምፅ ስለሚመልስ ስክሪኑ ሐሰተኛ ወለል ያሳያል፤ ትራንስዱሰሩም ላይ ሲጠመጠም ቍጥሩ እየዘለለ ይነበባል ወይም ይጠፋል። ታንኳንም ስክሪኑ አያውቀውም። ከደንገል የተሠራ ስለ ሆነ ራዳር ቢኖር እንኳ እጅግ ደካማ ምልክት ነው የሚመልሰው፤ ቀዛፊውም ስፍራውን የሚያስታውቅ ራዲዮ የለውም። በማለዳ ጭጋግ ዓሣ አጥማጆች በሚወጡበት ሰዓት የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጎ በጀልባዪቱ አፍንጫ ላይ አንድ ሰው ማቆም የዚህ ምክንያት ነው። በሌሊትም ብርሃኑ ካልቀነሰ የነጂውን ዐይን ያሳውረዋል።

መሣሪያው ባሕር ዳር ደርሶ ከተተከለ በኋላ የሚቀረው ሥራ የአንድ ማለዳ ነው። በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ጫፉ ላይ ድንጋይ ታስሮ ከወደቡ አጠገብ ይጣላል፤ ስክሪኑ የሚለው ከገመዱ ጋር ይነጻጸራል፤ ማስተካከያውም ቍጥር በዚያው ይወሰናል። ተሳፋሪ ሞልቶ ጀልባዪቱ ስትጠልቅ ቍጥሩ ስለሚለወጥ መለኪያው በባዶም በጭነትም ቢደረግ መልካም ነው። ዳተሙ፣ ሰሜኑ፣ የሰዓቱ ልዩነት፣ የጥልቀቱ ማስተካከያና የተለካበት ቀን በአንድ ካርቶን ላይ በአማርኛ ተጽፈው በመሣሪያው አጠገብ ይለጠፉ። ባትሪው ተነቅሎ ሲመለስ፣ ወይም አንድ ልጅ ቁልፎቹን ሲነካካ፣ መሣሪያው ወደ ፋብሪካው መልስ ሊመለስ ይችላል፤ ተረኛው ነጂም ከመነሣቱ በፊት ካርቶኑን ከስክሪኑ ጋር አስተያይቶ ያስተካክለዋል።